ከመርዙ በፊት ክዳኑን ግዙ

የመጦሪያና የማቆያ ቤቶች የቆሻሻ አያያዝ ጉድለት በፀረ ተባይ ሒሳብ ሲከፈል

በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ገበያ በድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ» እየተባለ የሚሸጠውን መድኃኒት የሚገዙት የመኖሪያ ቤት ባለቤቶች ብቻ አይደሉም። የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የማገገሚያ ማዕከል ወይም አነስተኛ ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም በረሮ በረከተ፣ አይጥ ታየ በተባለ ቁጥር ወደዚሁ ገበያ ብቅ ይላሉ። ገዝተው ይረጫሉ፣ ለሁለት ሦስት ሳምንት እፎይ ይላሉ፣ ከዚያም ተመልሰው ይመጣሉ። ሻጩ እንዲህ ያለውን ደንበኛ ይወደዋል። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ለመጦሪያው ነዋሪዎች ምግብና መድኃኒት ከተመደበው በጀት ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ተባይ ወደ አንድ ግቢ የሚገባው ለምግብ፣ ለውኃና ለመደበቂያ ሲል ነው። ክዳን የሌለው የቆሻሻ በርሜል ሦስቱንም በአንድ ቦታ አሰባስቦ ያቀርብለታል። መርዙ በግቢው ውስጥ ያሉትን ይፈጅ ይሆናል፤ በርሜሉ ግን ከጎረቤትና ከፍሳሽ ቱቦ ሌሎችን መጥራቱን አያቆምም። በዚህ የተነሣ ለመርዝ የሚወጣው ብር የአንድ ጊዜ ወጪ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው የሚከፈል ይሆናል።

ለመሆኑ መጦሪያ ወይም ማቆያ ከሌላው ቤት በምን ይለያል? በዋናነት በነዋሪዎቹ ይለያል። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ዝንብ ሲያርፍበት እሽ ይላል፣ አይጥ ሲነካው ይነቃል። አልጋ የያዘ አረጋዊ እሽ ለማለት እጁ አይታዘዝለትም፤ ከመተኛት ብዛት በተላጠ ቁስሉ ላይ ዝንብ እንቁላል ከጣለች ቁስሉ ሊተላ ይችላል። በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሌሊት አይጥ ስትነክሰው ላይሰማው ይችላል። የአእምሮው ማስታወስ የደከመ ሽማግሌና ገና መዳህ የጀመረ ሕፃን ደግሞ መሬት ላይ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ጥግ ላይ የተጣለ የአይጥ መርዝም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ በእነዚህ ቤቶች ተባዩም አደጋ ነው፣ መድኃኒቱም አደጋ ነው።

ቆሻሻው ስንት ኪሎ ነው?

አብዛኛው አስተዳዳሪ ቤቱ በወር ስንት ኪሎ ጤፍና ዘይት እንደሚጨርስ ያውቃል። በቀን ስንት ኪሎ ቆሻሻ እንደሚያወጣ ግን መዝኖ አያውቅም። ለምሳሌ ያህል 30 አልጋ ያለው አንድ መጦሪያ እንውሰድ። ከነዋሪዎቹ 20ዎቹ ዳይፐር የሚጠቀሙ ቢሆኑና በቀን 4 ጊዜ ቢቀየርላቸው በቀን 80 ዳይፐር ይወጣል። እያንዳንዱ ሩብ ኪሎ ብቻ ቢመዝን በቀን 20 ኪሎ፣ በሳምንት 140 ኪሎ ማለት ነው። የወጥ ቤቱ ልጣጭና ትራፊ፣ የቁስል ፋሻው፣ የጓንቱና የወረቀቱ ክብደት ገና አልተደመረም። ጫኚዎች አንድ ሳምንት ቢቀሩ ይህ ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ያድራል።

ዝንብም የራሷ የጊዜ ሰሌዳ አላት። የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ሞቃት በሆነ አካባቢ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስከማውጣት ድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል፤ እንደ አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ረዘም ይላል። ቆሻሻ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከግቢ ይውጣ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትሉ ዝንብ ሆኖ ሳይበር ቆሻሻው ከነትሉ ይወጣል። ዳይፐርና የምግብ ትራፊ ግን እስከዚያ ድረስም መጠበቅ የለበትም፤ ከመኝታ ክፍሎችና ከወጥ ቤት በየዕለቱ ወጥቶ ክዳን ወዳለው ማጠራቀሚያ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ወጪ የሚያቃልል ነገር አለ። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከማንኛውም ቤት እንደሚወጣው ተራ ቆሻሻ ነው። አደገኛ የሚባለው 15 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ መጠኑም በአነስተኛ ገቢ ሀገሮች በአንድ አልጋ በቀን በአማካይ 0.2 ኪሎ እንደሆነ ይገመታል። ይህ የሆስፒታል ስሌት ነው፤ ለ30 አልጋ ብናሰላው 6 ኪሎ ይሆናል። ችግሩ ይህ 6 ኪሎ ከሌላው ጋር በአንድ ከረጢት ሲቀላቀል ሁሉም አደገኛ ይሆንና ሁሉንም በውድ ዋጋ ማስወገድ ግድ ይላል። በሀገራችን የጤና ተቋማት ጥቁር ቅርጫት ለተራው፣ ቢጫ ቅርጫት ለተላላፊው መሆኑ የተለመደ ነው። መጦሪያና ማቆያ ቤቶችም ይህንኑ ቢከተሉ የሚያወጡት የሁለት ቅርጫት ዋጋ ነው። ቅርጫቱ በእግር የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። በእጅ የሚከፈት ክዳን ሠራተኛው ሁለት እጁን በያዘ ቁጥር ክፍት ይቀራል፤ ከሳምንት በኋላም ክዳኑን የሚያስታውሰው አይገኝም።

መርፌው የት ደረሰ?

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የመርፌ ጉዳይ ነው። መጦሪያ ክሊኒክ ባይሆንም የስኳር ሕመምተኞች ስለሚኖሩበት በየቀኑ የኢንሱሊን መርፌ ይወጣበታል። ይህ መርፌ በፌስታል ተጠቅልሎ ከትራፊ ጋር ሲጣል መጀመሪያ የሚወጋው ከቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ዝቅተኛውን ደመወዝ የምታገኘውን ጽዳት ሠራተኛ ነው። እሷን ካለፋት በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን የማኅበር አባላት ይጠብቃቸዋል፤ ከእነሱ ካለፈ ገንዳው ውስጥ ፕላስቲክ የሚለቅመውን፣ በመጨረሻም መጣያው ቦታ ላይ በእጁ ቆሻሻ የሚበረብረውን ያገኘዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በመባል በሚታወቀው መጣያ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከዚያ ክምር ሥር ስንት ቤተሰብ ይኖር እንደነበረ ሀገር ሁሉ አይቷል። ከግቢ የወጣ ቆሻሻ ሰው ወደሌለበት ቦታ ሄደ ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሽታው ካለበት ሰው በወጣ መርፌ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ 30 በመቶ፣ በሄፓታይተስ ሲ 1.8 በመቶ፣ በኤችአይቪ ደግሞ 0.3 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፤ ቁጥሩ ግን መጀመሪያ መፈራት ያለበት ሄፓታይተስ ቢ መሆኑን ያሳያል። ለእሱ ደግሞ ክትባት አለው። ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ይህን ክትባት ለጽዳት ሠራተኞቹ ያላስከተበ ድርጅት የፀረ ተባይ ውል ለመፈራረም መቸኮሉ የሚገርም ነው።

ለመርፌ ተብሎ የተሠራ ከጠንካራ ካርቶን የሚዘጋጅ ቢጫ ሣጥን አለ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ ጨምቆ መሙላት ክልክል ነው። ሣጥኑን ማግኘት ያልቻለ ቤት ወፍራምና መርፌ የማይበሳው ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ መጠቀም ይችላል፤ ስስ የሆነው የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ለዚህ አይሆንም። የሞላውን ሣጥን በአካባቢው ማቃጠያ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ማስረከብ ይሻላል። በግቢ ጥግ በርሜል ውስጥ ማቃጠል መፍትሔ አይደለም። እርጥብ ዳይፐር በበርሜል እሳት አይነድም፤ ይጨሳል እንጂ። መርፌውም ሳይቀልጥ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ጭሱም አስም ወዳለበት ነዋሪ መኝታ ክፍል ይገባል።

ስድስት ሚሊ ሜትር

ወደ አይጥ እንመለስ። ትልልቁ አይጥ ከ21 እስከ 23 ቀን አርግዞ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ይወልዳል። ስለዚህ በወጥመድና በመርዝ ብቻ የሚደረግ እሽቅድምድም ድካም ነው። ርካሹ ዘዴ ቀዳዳ መድፈን ነው። ትንሿ የቤት አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ታልፋለች፤ ይህም የእርሳስ ውፍረት ማለት ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ እርሳስ ከሥሩ ካለፈ በሩ ለአይጥ ክፍት ነው ማለት ነው። የእንጨት በር ታችኛውን ጠርዝ በላሜራ ማልበስ፣ ቱቦ ግድግዳውን ሲያልፍ የተተወውን ክፍተት የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጎስጉሶ በሲሚንቶ መለሰን፣ የአየር መተንፈሻውን በወንፊት ሽቦ መጋረድ፣ የፍሳሽ መውረጃውን በፍርግርግ መክደን የአንድ ግንበኛና የአንድ በያጅ የቀናት ሥራ ነው። ሲሚንቶ ተወዷል የሚል ቢኖር በዓመት ለመርዝ ያወጣውን ደምሮ ያወዳድር።

የእህል መጋዘኑም አብሮ ይታያል። ብዙ መጦሪያ ቤቶች በእርዳታ የመጣ ዱቄትና ጥራጥሬ በጆንያ ግድግዳ አስደግፈው መሬት ላይ ይከምራሉ። ጆንያው በርብራብ ላይ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ሰው እንዲያልፍ ራቅ ብሎ ቢደረደር አይጥ የምትደበቅበት አይኖርም፤ ፋንድያዋም ቶሎ ይታያል።

ወጥ ቤቱና መጋዘኑ ጸድተው አይጥ በመኝታ ክፍል ከታየ ደግሞ ፍራሹን ማንሳት ነው። ረሃብን የሚያውቅ አረጋዊ ዳቦና እንጀራ ትራስ ሥር ይደብቃል። ይህንን በቁጣ ማስቆም አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ቢሰጠውና ሠራተኛዋ በየማታው «አባባ፣ የቀረውን በአዲስ ልቀይርልዎት» ብትል ዳቦው ከፍራሹ ሥር ይወጣል፣ ሰውየውም አያፍሩም።

በረሮም ቢሆን ከምግብ ይልቅ ውኃ ሲያጣ ይጎዳል። ያለ ምግብ ለሳምንታት ሲቆይ ያለ ውኃ ግን ቶሎ ያልቃል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር የሚያድር እርጥብ ጨርቅና ማታ ሳይወለወል የቀረ የወጥ ቤት ወለል ካሉ የፍሊቱ ብዛት አይረዳም።

ሁሉም ከቆሻሻ አይመጣም

ትኋንን በቆሻሻ መክሰስ ስህተት ነው። ትኋን የሚበላው ደም ብቻ ስለሆነ ቤቱ ቢጸዳም ባይጸዳም ግድ የለውም። ወደ መጦሪያ የሚገባው በአብዛኛው በአሮጌ አልጋ፣ በተለገሰ ፍራሽና በልብስ ጥቅል ነው። ለጋሹን አመስግኖ መቀበሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍራሹ ወደ መኝታ ክፍል ከመግባቱ በፊት ስፌቱና ጠርዙ በባትሪ መብራት መታየት አለበት። ልብስና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ሙቀት ቢታጠብ ትኋኑም እንቁላሉም ያልቃል። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ቢሆንም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ አይበቃም። በገበያ ያሉትን የተለመዱ መርጫዎች የተላመዱ ትኋኖች በዓለም ላይ በዝተዋልና ረጭቶ ተስፋ ማድረግም እንደዚያው ነው።

እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ የቆሻሻው ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የተሰበረ ባልዲ፣ የተጣለ ጎማና ክዳን የሌለው የውኃ በርሜል ራሱ የትንኝ መራቢያ ነው። በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባውና በከተማ የምትኖረው የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ከተማዋ ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ አይታለች። በእነዚህ ቦታዎች በሳምንት አንድ ቀን ውኃ የያዘውን ዕቃ ሁሉ መድፋት፣ መፈግፈግና መክደን ከማንኛውም ርጭት ይቀድማል።

መርዝ ሲገዛ

ይህ ሁሉ ተደርጎ አይጡ ወይም በረሮው ከቀረ መድኃኒት ይገዛል። እዚህ ላይ ገበያው ጥንቃቄ ይሻል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። መንገድ ላይ በብጥስጣሽ ወረቀት ተቋጥሮ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጠው ግን ስሙም፣ መጠኑም፣ ማርከሻውም የተጻፈበት አይደለም። ለእርሻ የመጣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ውኃ የሚመስል ነገር በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ዓይናቸው የደከመ እናት እጅ ሊገባ በሚችልበት ቤት ይህን መግዛት ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉ የከፋው የነቀዝ ክኒን በመባል የሚታወቀው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። የተሠራው በተዘጋ የእህል መጋዘን ውስጥ በባለሙያ እንዲያዝ ነው፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ለአይጥም ለትኋንም ብሎ ማስቀመጥ የነዋሪውን ሕይወት ማጥፋት ነው። በአንጻሩ ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚሠሩት የአይጥ መርዞች ከቀናት በኋላ ስለሚገድሉ አይጧ አትጠረጥርም፤ ለሰውም ቫይታሚን ኬ የተባለ ማርከሻ አላቸው፣ በጊዜ ከተደረሰ። እነዚህም ቢሆኑ በቁልፍ በሚዘጋና ከመሬት ጋር በተያያዘ ሣጥን ውስጥ፣ ከሕንፃው ውጪ በግድግዳው ዙሪያ እንጂ በመኝታ ክፍል አይቀመጡም። በክፍል ውስጥ ወጥመድ ይበቃል።

ለበረሮ ከሚረጨው ይልቅ ጄል የሚባለው በመርፌ የሚጨመቅ ማጥመጃ ተመራጭ ነው። የአተር ፍሬ በምታክል ጠብታ በቁም ሣጥን ማጠፊያና በምድጃ ጀርባ ይደረጋል፤ አይሸትም፣ አስም አይቀሰቅስም። ጄል ያደረገ ሰው በላዩ ላይ ፍሊት ከረጨ ግን ጄሉን በረሮው አይጠጋውም፤ ሁለቱንም ገንዘብ አባከነ ማለት ነው።

ውል ሲፈረም

የፀረ ተባይ አገልግሎት ድርጅት የሚቀጥሩ አስተዳዳሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው። መጠየቅ ያለበት ግን ምን መድኃኒት፣ በምን ስም የተመዘገበ፣ በየትኛው ክፍል፣ ነዋሪዎቹ ለስንት ሰዓት ወጥተው የሚለው ነው። በተረጨው ሊትር ልክ ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት የሚያተርፈው ብዙ ሲረጭ ነው፤ ስለዚህ ክፍያው በውጤት ቢታሰር ይሻላል። ውጤት የሚለካውም በቀላሉ ነው። የሚያጣብቅ ወጥመድ በወጥ ቤት፣ በመጋዘንና በቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ አስቀምጦ በየሳምንቱ የተያዘውን መቁጠርና በአንድ ደብተር ላይ ቀን፣ ቦታና ብዛት መጻፍ ነው። ቁጥሩ ካልቀነሰ ድርጅቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ እንዲመጣ ውሉ ላይ ይግባ።

በዚሁ ውል ላይ የቁልፍ ሣጥኖቹ ቁጥርና ቦታ በግቢው ንድፍ ላይ ተመልክቶ አንድ ቅጂ ለቤቱ ይሰጥ። ድርጅቱ በየጉብኝቱ ከእያንዳንዱ ሣጥን ስንት እንደተበላ ይመዝግብ፣ ውሉ ሲያበቃም ያስቀመጠውን መርዝ ሁሉ ቆጥሮ ይዞ ይውጣ። ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን ደግሞ ለቁራሌው እንዳይሸጥ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፤ ምናለሽ ተራ የገባ ጀሪካን ታጥቦ የማን ቤት ዘይት መያዣ እንደሚሆን አይታወቅም።